ይድነቃቸው ተሰማ፤ በሜዳና በሸንጎ የታገሉ ሰው

እኛ የላስታ ልጆች ዳገትን እናውቃለን። ከላሊበላ ከተማ ተነሥቶ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣ ሰው ጫፍ ደረስሁ ሲል ሌላ ዳገት ከፊቱ ይቆማል። የታላላቅ ሰዎችም ሕይወት እንደዚሁ ነው፤ አንዱ ትግል ሲያልቅ ከእርሱ የከበደ ይከተላል። አገራችን በንጉሥ ላሊበላ ሥራ የምትታወቅ ስለ ሆነች፣ በእኛ ዘንድ ስለ ጥንት ነገሥታት መጻፍ የተለመደ ነው። እኔ ግን በእግር ኳስ ሜዳ ጀምረው በዓለም ሸንጎ ስለ ታገሉት ስለ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ጥቂት ልጽፍ ወደድሁ። ምክንያቴም ብዙዎቻችን ድል ማለት ዋንጫ ማንሣት ብቻ ስለሚመስለን ነው። የእሳቸው ታሪክ ግን ከዋንጫ የሚበልጥ ድል መኖሩንና ዋጋውም ረጅም ትዕግሥት መሆኑን ያስተምራል።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ የታወቁ፣ በቀድሞ ዘመን ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። በ1928 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ቡድን በአዲስ አበባ ሲቋቋም ልጁ ይድነቃቸው ገና አሥራ አራት ዓመታቸው ነበር። በዚያው ዓመት የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ጠላት በያዘው ከተማ ኢትዮጵያውያን ከነጮች ጋር በአንድ ሜዳ እንዳይጫወቱ ተከለከሉ፤ የቡድኑም ስም እንዲለወጥ ተደረገ። ይድነቃቸው ሰውን በቆዳው ቀለም የመለየትን ክፋት የተማሩት ከመጽሐፍ ሳይሆን በልጅነታቸው ከኖሩበት ዘመን ነው።

ይህ ነገር ለእኔና ለክፍል ጓደኞቼ ሩቅ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት ወደ ላስታ በደረሰ ጊዜ እኛም በዚያው ዕድሜ ነበርን። ትምህርት ተቋርጦ፣ ነገ ምን እንደሚመጣ ሳናውቅ የተቀመጥንባቸውን ወራት አንረሳቸውም። ስለዚህ በአሥራ አራት ዓመት ዕድሜ እንዲህ ያለውን ጊዜ አይቶ ቁም ነገር ላይ መድረስ እንደሚቻል ከእሳቸው ሳይ ልቤ ይጽናናል።

አገራችን በ1933 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ አቶ ይድነቃቸው በሁለት በኩል ሠሩ። በአንድ በኩል ለሃያ ሦስት ዓመት ያህል ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተሰልፈው በ365 ጨዋታዎች 318 ጐሎች እንዳገቡ ተመዝግቧል፤ ለብሔራዊ ቡድናችንም 15 ጊዜ ተጫውተዋል። በሌላ በኩል የአገሪቱን የስፖርት አስተዳደር ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ነበሩ። የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋምም ከመሥራቾቹ መካከል ተቈጠሩ።

የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም በዚያው ወር በካርቱም ተደረገ። ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ልትጫወት ዕጣ ወጥቶላት ነበር። ነገር ግን የደቡብ አፍሪካ ሰዎች ነጭ ብቻ ወይም ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን እንጂ የተደባለቀ አንልክም ስላሉ ከውድድሩ ወጡ። ኢትዮጵያ ለፍጻሜ ቀርባ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ከሁለት ዓመት በኋላ በካይሮም ሁለቱንም ጨዋታዋን ተሸንፋ ከሦስት አገሮች ሦስተኛ ሆነች። ሰው ተስፋ ሊቈርጥ የሚችለው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ዋንጫ በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲደረግ ቡድናችንን ያሠለጠኑት አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ጥር 13 ቀን በፍጻሜው ጨዋታ ግብፅ ሁለት ጊዜ ስትመራ የእኛዎቹ ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ፤ በተጨማሪውም ሰዓት ሁለት ጐሎች አግብተው 4 ለ 2 አሸነፉ። ዋንጫውን አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። እነሆ ከአምስት ዓመት በፊት በአራት ጐል የረታንን ቡድን በአራት ጐል ረታን።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይበቃው ነበር። እሳቸውን ግን የሚበልጠው ዳገት ይጠብቃቸው ነበር፤ ይኸውም የአፍሪካ መብት ነው። ፊፋ በደቡብ አፍሪካ ላይ የጣለውን እገዳ በ1955 ዓ.ም. ባነሣ ጊዜ የአፍሪካ አገሮች ተቃወሙ፤ በ1957 ዓ.ም. እገዳው ተመለሰ። በዚያው ዘመን ለ1958ቱ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺያንያ በአንድነት አንድ ቦታ ብቻ ተመደበ። አቶ ይድነቃቸው ከጋናው ኦሄኔ ጃንና ከሌሎች ጋር ሆነው ይህን አንቀበልም አሉ፤ የአፍሪካ አገሮችም በአንድነት ከውድድሩ ቀሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ በ1962 ዓ.ም. አፍሪካ የራስዋን ቦታ አግኝታ ሞሮኮ ወደ ሜክሲኮ ሄደች። በ1974 ዓ.ም. ደግሞ ቦታው ሁለት ሆኖ አልጄሪያና ካሜሩን ተሳተፉ።

አቶ ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም በዚህ ሥልጣን ቈዩ። በ1968 ዓ.ም. ፊፋ ዘረኛውን የደቡብ አፍሪካ ማኅበር ፈጽሞ አስወጣ። በካርቱም ከተጀመረው ክርክር እስከዚያች ቀን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፏል። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በስድሳ አምስት ዓመታቸው ሲያርፉ የአፓርታይድ አገዛዝ ገና አልወደቀም ነበር። ደቡብ አፍሪካ ወደ ማኅበሩ የተመለሰችው ከሞቱ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። በ1988 ዓ.ም. ነጭና ጥቁር ልጆችዋን በአንድነት አሰልፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ እሳቸው አላዩም። ለእኔ ከ318ቱ ጐሎች ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ሳያዩት የቀሩት ድል ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ብዙዎቻችን ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና እንዘጋጃለን። የሚያልፍ አለ፤ የማያልፍም ይኖራል። በካርቱምና በካይሮ የተሸነፈው ቡድን ሜዳውን ጥሎ ቢሄድ ኖሮ የአዲስ አበባው ዋንጫ ባልመጣም ነበር። የቀናን የደከመውን ጓደኛችንን እንርዳ፤ ያልቀናን ደግሞ መጽሐፋችንን እንደ ገና እንክፈት። መምህራኖቻችንና ወላጆቻችንም በአንድ ውጤት ብቻ እንዳይመዝኑን በትሕትና እለምናለሁ፤ ዳገቱ ገና ብዙ ነውና።