አውግስጢኖስ፦ ከታጋስቴ ማሳ እስከ ሂፖ መንበር

ዛሬ በአልጄሪያ ሱቅ አህራስ የምትባለው ከተማ በቆመችበት ሥፍራ፣ ከ1 ሺህ 600 ዓመታት በፊት ታጋስቴ የተባለች ትንሽ ከተማ ነበረች። አካባቢው በሮም መንግሥት ሥር ይተዳደር ነበር። የሰሜን አፍሪካ ገበሬ የሚያመርተው ስንዴና የወይራ ዘይትም በመርከብ እየተጫነ የሮምን ሕዝብ ይመግብ ነበር። አውግስጢኖስ የተወለደው በዚህች ከተማ በ354 ዓ.ም ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባቱ ፓትሪክዮስ ጥቂት መሬት የነበረው የከተማዋ ሸንጎ አባል ነበር። የሸንጎ አባልነት ክብር ቢኖረውም ዕዳው ይበልጥ ነበር፤ ለመንግሥት የሚገባውን ግብር የማሰባሰቡ ኃላፊነት በአባላቱ ጫንቃ ላይ ይወድቅ ነበርና። እናቱ ሞኒካ ክርስቲያን ነበረች፤ ፓትሪክዮስ ግን ክርስትናን የተቀበለው በሕይወቱ መጨረሻ ነው። በእምነት የተለያዩት ባልና ሚስት በአንድ ነገር ይስማሙ ነበር። ልጃቸው መማር ነበረበት። ሀብታም ዘመድ ለሌለው ወጣት ከታጋስቴ ወደ ታላላቆቹ ከተሞች የሚያደርሰው መንገድ ትምህርት ብቻ ነበር።

ያ መንገድ በዱላ የታጀበ ነበር። ሕፃኑ በፊደልና በቁጥር ትምህርት ሲሰንፍ ይገረፍ ነበር፤ ከግርፋቱ እንዲድን ወደ ፈጣሪ ይጸልይ እንደነበር፣ ትልልቆቹም፣ ወላጆቹ ጭምር፣ በሰንበሩ ይስቁበት እንደነበር በኋላ በጻፈው የኑዛዜ መጽሐፉ ተርኳል። የላቲን ቋንቋን በጨዋታና በቤተሰብ መካከል ያለ ጭንቀት ለመደ፤ በዛቻ የተማረውን ግሪክኛ ግን ጠላው። ከዚህ የተነሣ ጉጉት ከማስፈራራት ይልቅ እንደሚያስተምር ያምን ነበር።

ከታጋስቴ ቀጥሎ ወደ ማዳውሮስ ተላከና ሰዋስውና ሥነ ጽሑፍ ተማረ። 16 ዓመት ሲሞላው ግን የአባቱ ገንዘብ አለቀ። ፓትሪክዮስ ለካርቴጅ ትምህርት የሚሆነውን ወጪ እስኪያጠራቅም ድረስ ልጁ አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ተቀመጠ። ያለ ሥራ በተቀመጠበት በዚያ ዓመት ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በሌሊት ከጎረቤት ዛፍ የፒር ፍሬ ሰረቀ። ፍሬውን የፈለጉት ለረሃብ አልነበረም፤ አብዛኛውን ለአሳማ ጣሉት። ይህች ትንሽ ስርቆት ከብዙ ዓመታት በኋላም ኅሊናውን ትወቅሰው ነበር። ሰው ያለ ጥቅም ክፉ የሚሠራው ስለ ምን እንደሆነ ሲመረምር ደጋግሞ ወደዚያች ዛፍ ይመለስ ነበር።

አባቱ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። የትምህርቱን ወጪ በመሸፈን ያገዘው ሮማንያኖስ የተባለ የታጋስቴ ባለጸጋ ነበር። ያለዚህ ሰው እጅ አውግስጢኖስ ምናልባት በአባቱ ማሳ ላይ ይቀር ነበር።

በዘመኑ ከፍተኛ ትምህርት የሚባለው፣ ዛሬ ሊበራል አርትስ እየተባለ የሚጠራው የጥበባት ስብስብ ነው። ሰዋስው፣ የሙግት ጥበብ፣ የንግግር ጥበብ፣ ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ የዜማ ሥርዓትና ሥነ ፈለክ በዚህ ውስጥ ይቆጠሩ ነበር። ስያሜው ነፃ ለሆነ ሰው የሚገባ ትምህርት ማለት ነው፤ ይኸውም ለባሪያና ለእጅ ሠራተኛ አይደለም ለማለት ነበር። አብዛኛው የካርቴጅ ተማሪ ግን ትምህርቱን የሚፈልገው በችሎት ለመከራከርና ሹመት ለማግኘት ነበር። አውግስጢኖስም ሲጀምር ከዚህ የተለየ ዓላማ አልነበረውም።

በ19 ዓመቱ የሮማዊው ተናጋሪ የሲሴሮ መጽሐፍ እጁ ገባ። መጽሐፉ ሰውን ወደ ጥበብ ፍቅር የሚጠራ ነበር። ወጣቱ መጽሐፉን የከፈተው የአጻጻፉን ውበት ሊማር ነው፤ ሲዘጋው ግን እውነትን ለራሷ ሲል መፈለግ ጀምሮ ነበር። ወዲያው ቅዱሳት መጻሕፍትን ገለጠ፤ ቋንቋቸው ከሲሴሮ ጋር ሲነጻጸር ተራ ሆኖ ታየውና ናቃቸው። የትምህርቱ ትዕቢት በር እንደዘጋበት የተረዳው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በምትኩ ሁሉን በምክንያት እናስረዳለን ከሚሉት ከማኒ ተከታዮች ጋር ገጠመ፤ ዘጠኝ ዓመት ገደማም አብሯቸው ቆየ።

ከዚያ ያወጣውም ያው ትምህርት ነው። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የፀሐይና የጨረቃ ግርዶሽ የሚሆንበትን ቀን አስቀድመው ያሰሉ ነበር፤ ስሌታቸውም ይሠምር ነበር። ማኒ ስለ ሰማይ የጻፈው ግን ከዚያ ስሌት ጋር አይገጥምም። አውግስጢኖስ የቡድኑ ታላቅ መምህር ፋውስጦስ እስኪመጣ ጠበቀና ጥያቄውን አቀረበለት። ፋውስጦስ አንደበቱ የጣፈጠ ቢሆንም ከሰዋስው በቀር እምብዛም አልተማረም ነበር፤ እንደማያውቅም ሳያፍር ተናገረ። አውግስጢኖስ ሰውየውን ስለ ትሕትናው ወደደው፤ በቡድኑ ላይ የነበረው እምነት ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ተሸረሸረ። መልካም አነጋገር እውነት ለመሆን ማስረጃ እንደማይሆን የንግግር መምህሩ ራሱ ተማረ።

በ383 ወደ ሮም ተሻገረ። በዚያ ተማሪዎቹ የሚከፍሉበት ቀን ሲደርስ ተባብረው ወደ ሌላ መምህር ይሄዱ ነበር። በተከታዩ ዓመት የሮም ከተማ ሹም ሲማኩስ መርጦት በሚላኖ የመንግሥት የንግግር መምህር ሆነ። የታጋስቴ ልጅ ለንጉሠ ነገሥቱ የውዳሴ ንግግር እስከ ማዘጋጀት ደረሰ። ለአንድ እንዲህ ላለ ንግግር ሲጨነቅ በመንገድ ላይ የሰከረ ለማኝ እየሳቀ ሲቀልድ አየ። እሱ ውሸት ለማሳመር ሲደክም ለማኙ በጥቂት ሳንቲም ደስታ ማግኘቱ አሳዘነው። በዚያው በሚላኖ እናቱ ከፍ ያለ ጋብቻ ስታዘጋጅለት፣ ለረጅም ዓመታት አብራው የኖረችው የልጁ እናት ወደ አፍሪካ ተመለሰች፤ ልጃቸው አዴዎዳቱስ ከአባቱ ጋር ቀረ። ይህ መለያየት ልቡን እንዳደማው አልሸሸገም። የታሰበው ጋብቻም ሳይፈጸም ቀረ።

የሚላኖን ጳጳስ አምብሮስዮስን መጀመሪያ የሰማው የንግግር ስልቱን ለመመዘን ነበር። እያደር ግን ቃሉን ተከትሎ ፍሬ ነገሩ ወደ ልቡ ገባ። በ386 የመምህርነቱን ወንበር ለቀቀ። ደረቱም ታምሞ ስለነበር አንድ ወዳጁ በሰጠው የገጠር ርስት ከእናቱ፣ ከልጁ፣ ከወንድሙና ከጥቂት ተማሪዎች ጋር ተቀመጠ። በዚያ ቀናቸው በሁለት ይከፈል ነበር። የእርሻውን ሥራ ያደራጃሉ፤ ቅኔ ያነባሉ፣ ስለ እውነትና ስለ ደስታ ይከራከራሉ። በከፍተኛ ትምህርት ቤት ያላለፈችው ሞኒካም ከክርክሩ መካከል ነበረች፤ ልጇም አስተዋይነቷን ከፈላስፎቹ ጋር ያነጻጽር ነበር።

በ387 የፋሲካ በዓል ከልጁ ጋር ተጠመቀ። ሞኒካ በዚያው ዓመት ወደ አገራቸው ለመመለስ መርከብ ሲጠብቁ በኦስትያ ወደብ አረፈች። አውግስጢኖስ በ388 ታጋስቴ ሲደርስ ከአባቱ የወረሳትን ጥቂት መሬት ትቶ ከወዳጆቹ ጋር የማኅበር ኑሮ ጀመረ። አዴዎዳቱስም በለጋ ዕድሜው ሞተ። አባትና ልጅ ስለ ማስተማር ያደረጉት ውይይት በመጽሐፍ ተጽፎ ቀርቷል።

በ391 ዛሬ አናባ ወደምትባለው የሂፖ ከተማ ለጉዳይ ሄደ። ሕዝቡ ይዞ ካህን እንዲሆን ግድ አለው፤ እሱም አለቀሰ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ጳጳስ ሆነ። ከዚህ በኋላ ጥያቄው ተለወጠ። ወጣቱ እውቀት ወዴት እንደሚያደርሰው ይጠይቅ ነበር፤ ጳጳሱ ግን እውቀት ሌላውን ሰው ምን እንደሚጠቅመው መጠየቅ ጀመረ።

በዘመኑ ክርስቲያኖች የግሪክና የሮም መጻሕፍት አማልክትን የሚያወድሱ ናቸውና ይቅሩ የሚሉ ነበሩ። አውግስጢኖስ ስለ ክርስትና ትምህርት በጻፈው ባለ አራት ክፍል መጽሐፉ መልስ ሰጠ። እስራኤላውያን ከግብፅ ሲወጡ የግብፃውያንን ወርቅ ይዘው እንደወጡ ሁሉ፣ ክርስቲያንም በየትም ያገኘውን እውነት ለመልካም ሥራ ሊያውለው ይገባል አለ። መጽሐፍን በትክክል ለመረዳት ቋንቋ፣ ታሪክ፣ ቁጥር፣ ዜማ፣ የእንስሳትና የዕፅዋት ጠባይ ማወቅ እንደሚያስፈልግ አስረዳ። የዛፉን ጠባይ የማያውቅ አንባቢ ዛፉ የተጠቀሰበትን ምሳሌም አይረዳውም። ኮከብ ቆጠራንና ክታብን ግን ከእውቀት ወገን አልቆጠራቸውም።

እውቀቱ ወደ ገበሬው ደጅም መድረስ ነበረበት። በሂፖ ዙሪያ የነበሩ ብዙ ገበሬዎች የሚናገሩት ፑኒክ የተባለውን ቋንቋ እንጂ ላቲን አልነበረም። ስለዚህ ቋንቋቸውን የሚያውቁ አገልጋዮች ያፈላልግ ነበር። ትምህርቱ ሰሚን ያሰለቻል ብሎ ለተጨነቀ አንድ የካርቴጅ ዲያቆን በጻፈለት መጽሐፍ፣ የሚማረው ሰው የተማረ ይሁን ያልተማረ፣ የከተማ ይሁን የገጠር አስቀድሞ እንዲለይ፣ ሰሚው ቆሞ ሲደክም ወንበር እንዲሰጠው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መምህሩ ራሱ በደስታ እንዲያስተምር መከረው። በልጅነቱ የቀመሰው ዱላ በዚህ ምክር ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

በእርጅናው ዘመን የባሪያ ነጋዴዎች ወደ ገጠር እየዘለቁ ነፃ የሆኑ ገበሬዎችንና ልጆቻቸውን እያፈሱ በሂፖ ወደብ በመርከብ ይጭኑ ነበር። የሂፖ ምእመናን 120 ያህል ሰዎችን ከነጋዴዎቹ እጅ አስጣሉ። አውግስጢኖስ ኢጣሊያ ለነበረው ወዳጁ ለአሊፕዮስ ጉዳዩን በዝርዝር ጻፈለት። በወጣትነቱ ለውዳሴ የተጠቀመበትን የንግግርና የሙግት ጥበብ አሁን በሕግ ለሚገባቸው ነፃነት አዋለው። ለነፃ ሰው ብቻ የተባለው ትምህርት ነፃነታቸውን ለተነጠቁት ጠበቃ ሆነ።

በ426 ገደማ የጻፋቸውን መጻሕፍት አንድ በአንድ እየገለጠ ስሕተቱን ማረም ጀመረ። በወጣትነቱ ለጥበባቱ ከልክ ያለፈ ዋጋ መስጠቱን አመነ፤ ሳይማሩ ቅዱሳን የሆኑ ብዙዎች፣ ተምረውም ቅድስና የሌላቸው አሉና። ጥበባቱን ግን አልጣለም። ሁሉንም በየቦታው አኖረው፤ ትምህርት መሣሪያ ነው፣ የመሣሪያው ዋጋ የሚታወቀው በሚሠራበት ሥራ ነው።

በ430 ቫንዳሎች ሂፖን ከበቡ። ከተማዋ በተከበበች በሦስተኛው ወር፣ በነሐሴ መጨረሻ፣ አውግስጢኖስ በ75 ዓመቱ አረፈ። የሚናዘዘው ንብረት ስላልነበረው ኑዛዜ አልጻፈም። ያዘዘው አንድ ነገር ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኗ መጻሕፍት ለሚመጣው ትውልድ በጥንቃቄ እንዲጠበቁ። የታሪኩ ጸሐፊ ፖሲድዮስ የሥራዎቹን ዝርዝር አዘጋጅቶ አቆየ። የሮም መንግሥት በሰሜን አፍሪካ ፈረሰ፤ አባቱ ገንዘብ እስኪያገኝ አንድ ዓመት ቤት የተቀመጠው የታጋስቴ ልጅ የጻፋቸው መጻሕፍት ግን ዛሬም ይነበባሉ።