ረቢ አብርሃም ኢያሱ ሄሼል፦ የጊዜን ቅድስና ያስተማሩ አይሁዳዊ ሊቅ

የኦሪት ዘፍጥረትን የመጀመሪያ ምዕራፎች በማስተዋል የሚያነብ ሰው አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያገኛል። እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን ከፈጠረ በኋላ ከሁሉ አስቀድሞ የቀደሰው ተራራን፣ ምንጭን ወይም መሠዊያን ሳይሆን አንድን ቀን ነው። ሰዎች ብዙውን ጊዜ ቅዱስ ቦታን ሲፈልጉ የእስራኤል አምላክ ግን በመጀመሪያ ቅዱስ ጊዜን ሰጠ። ይህን እውነት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ለነበረው ትውልድ አጉልተው ካሳዩት ሊቃውንት መካከል ረቢ አብርሃም ኢያሱ ሄሼል ከፍ ያለ ስፍራ ይይዛሉ።

ስለ አንድ አይሁዳዊ መምህር እዚህ መጻፋችን ያለ ምክንያት አይደለም። ምእመናን ብዙ ጊዜ ኦሪትና የአይሁድ በዓላት ለክርስቲያን ምን እንደሚጠቅሙ ይጠይቃሉ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም በተለይ በሕማማት ሳምንት ስለ አይሁድ ሕዝብ ሲናገሩ ቤተ ክርስቲያን ምን እንደምታስተምር ጠንቅቀው ሊያውቁ ይገባቸዋል። የሄሼል ሕይወት ሁለቱንም ነገሮች በአንድነት ያስተምረናል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ሄሼል ጃንዋሪ 11 ቀን 1907 በፖላንድ ከተማ በዋርሶ ተወለዱ። በአባታቸውም በእናታቸውም በኩል የሐሲዲም መንፈሳዊ መሪዎች ከነበሩ ሰዎች ዘር ናቸው። ሐሲዲም የሚባለው እንቅስቃሴ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች መካከል የተነሣ ሲሆን፣ እግዚአብሔርን በደስታ ማገልገልን፣ ከልብ መጸለይንና ለድሆች መራራትን አጥብቆ ያስተምር ነበር። ሕፃኑ የተሰየመው በ1825 ባረፉት በታወቁት የአፕት ከተማ ረቢ፣ በአያት ቅድመ አያቱ ስም ነው። ገና የ9 ዓመት ልጅ ሳሉ አባታቸው ሞቱባቸው። ይሁን እንጂ ኦሪትንና ታልሙድ የተባለውን የአይሁድ ሊቃውንት የትርጓሜና የሕግ መጽሐፍ ከልጅነታቸው ጀምረው ተምረው በዕውቀታቸው ስም አተረፉ።

ወጣቱ ሄሼል የአባቶቻቸውን መንበር ወርሰው በዋርሶ ሊቀመጡ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን በቪልና ከተማ ዘመናዊ ትምህርት ተምረው በ20 ዓመታቸው ወደ በርሊን ዩኒቨርሲቲ ሄዱ፤ በዚያም ፍልስፍናን አጥንተው ስለ ነቢያት የዶክትሬት ጽሑፍ አዘጋጁ።

በበርሊን ሳሉ ያጋጠማቸውን አንድ ነገር ከብዙ ዓመታት በኋላ ራሳቸው ተርከውታል። አንድ ምሽት በከተማይቱ ጎዳና ሲመላለሱ ፀሐይ መጥለቋን በድንገት ተመለከቱ። የምሽት ጸሎት ሰዓት ደርሶ ነበር፤ እርሳቸው ግን ረስተውታል። በዚያች ቅጽበት የተረዱት፣ ሰው ጸሎትን የሚጸልየው ስሜቱ ሲነሣሣ ብቻ ቢሆን ኖሮ በታላቅ ከተማ ጫጫታ ውስጥ ነፍሱ ባዶዋን እንደምትቀር ነው። የተወሰነ የጸሎት ሰዓት ሸክም ሳይሆን፣ እግዚአብሔርን የረሳውን ሰው የሚያነቃ ደወል መሆኑን ከዚያ ወዲያ አልዘነጉም።

ስደትና ሐዘን

ሂትለር ሥልጣን ከያዘ በኋላ በጀርመን የአይሁድ ኑሮ ከቀን ወደ ቀን እየከፋ ሄደ። በ1937 ሄሼል በፍራንክፈርት፣ በታወቁት ፈላስፋ በማርቲን ቡበር ምትክ፣ የጎልማሶች የሃይማኖት ትምህርት ቤት መምህር ሆኑ። በኦክቶበር 1938 ግን ፖሊስ በሌሊት ይዞ ከሌሎች የፖላንድ አይሁዶች ጋር ወደ ድንበር አባረራቸው። በዋርሶ ጥቂት ወራት ካስተማሩ በኋላ የጀርመን ጦር ፖላንድን ሊወር ሳምንታት ሲቀሩት በ1939 ወደ ለንደን አመለጡ። በማርች 1940 አሜሪካ ገቡ።

ከቤተሰባቸው ግን ሁሉም አላመለጡም። አንዲት እህታቸው በቦምብ ድብደባ ሞተች፤ እናታቸውና ሌሎች ሁለት እህቶቻቸውም በናዚዎች እጅ ጠፉ። ያደጉበት ዓለም፣ ምኵራቦቹና ትምህርት ቤቶቹ፣ የሰንበት መብራት ይበራባቸው የነበሩት ቤቶች ሁሉ አመድ ሆኑ። ሄሼል ወደ ፖላንድም ሆነ ወደ ጀርመን ዳግመኛ አልተመለሱም።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለ መከራ ሲደርስበት እግዚአብሔር ወዴት አለ ብሎ ይጠይቃል። ሄሼል ሐዘናቸውን ሳይሸሽጉ ጥያቄውን መልሰው ወደ ሰው አዞሩት። ኦሪት እንደሚተርከው አዳም ባጠፋ ጊዜ የተሸሸገው ሰው እንጂ እግዚአብሔር አይደለም፤ በገነት ዛፎች መካከል እየተመላለሰ የጠፋውን የጠራ አምላክ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ከሁሉ በፊት ሰው አምላኩን እንዴት እንደፈለገ ሳይሆን አምላክ ሰውን እንዴት እንደሚፈልግ ይነግረናል ብለው አስተማሩ። በ1955 ያሳተሙት ታላቅ መጽሐፋቸውም ሰውን የሚፈልግ እግዚአብሔር የሚል ትርጉም ያለው ርእስ ተሰጠው። ነቢያትን በሚመለከት ባስተማሩት ትምህርትም የእስራኤል አምላክ በሩቅ ተቀምጦ የሚመለከት ሳይሆን በሰው ግፍ የሚያዝን፣ በፍቅሩ የሚራራ መሆኑን አሳዩ።

ሰንበትና በዓላት

ሄሼል በሲንሲናቲ ከተማ 5 ዓመት ካስተማሩ በኋላ ከ1945 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በኒው ዮርክ በሚገኘው የአይሁድ የሃይማኖት ትምህርት ተቋም አስተማሩ። በ1951 ስለ ሰንበት የጻፉት አነስተኛ መጽሐፍ ስማቸውን በብዙ አገሮች አሳወቀ።

የመጽሐፉ ዋና አሳብ የሚከተለው ነው። ሰው በስድስቱ ቀናት ከቦታና ከቁሳቁስ ጋር ይታገላል፤ ያርሳል፣ ይሠራል፣ ይሸጣል፣ ይገዛል። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ሰው ያለውን ሁሉ በእጁ በሚጨብጠው ነገር የሚለካ ከሆነ የሀብቱ ባሪያ ይሆናል። ጊዜን ግን ማንም ሊጨብጠው፣ በጎተራ ሊያከማቸው አይችልም፤ ሰው ሊቀበለው ብቻ ይችላል። ስለዚህ እግዚአብሔር በሳምንቱ ውስጥ ባለጸጋውም ድሀውም እኩል የሚገቡበትን፣ ጠላት ሊያፈርሰው የማይችለውን መቅደስ በጊዜ ውስጥ አነጸ። በኢየሩሳሌም የነበረው ቤተ መቅደስ ሁለት ጊዜ ፈርሷል፤ ሰንበት ግን በስደትም በእስራትም ከሕዝቡ ጋር ኖሯል። ሰው በሰንበት የሚያርፈው ለሰኞ ሥራ ጉልበት ለማግኘት ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ስድስቱ ቀናት ወደ ሰንበት የሚያደርሱ መንገዶች ናቸው።

ሄሼል ይህን ሲያስረዱ ከታልሙድ አንድ ጥንታዊ ታሪክ ያነሣሉ። ረቢ ስምዖን ወልደ ዮካይ ከሮማውያን ሸሽተው ከልጃቸው ጋር 12 ዓመት በዋሻ ውስጥ በጸሎትና በኦሪት ጥናት ኖሩ። ሲወጡ ሰዎች ሲያርሱና ሲዘሩ አይተው፣ የዘላለምን ሕይወት ትተው በሚያልፈው ነገር ይደክማሉ ብለው ተቈጡ፤ የተመለከቱትም ሁሉ ተቃጠለ። ዓለምን ታጠፉ ዘንድ ወጣችሁን የሚል ወቀሳ ከሰማይ ደርሶባቸው ለ12 ወራት ወደ ዋሻው ተመለሱ። ዳግመኛ በወጡ ጊዜ በሰንበት ዋዜማ አንድ ሽማግሌ መልካም መዓዛ ያለው የባርሰነት ቅጠል ሁለት እስር ይዞ ሲሮጥ አገኙ፤ ለሰንበት ክብር እንደያዘው በነገራቸው ጊዜ ልባቸው ዐረፈ። ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ሰው ዓለምን ንቆ ወይም በዓለም ተውጦ ሳይሆን፣ እየሠራ ቀኑን ለአምላኩ በመቀደስ ሰማይንና ምድርን ያስታርቃል።

ስለ ሌሎቹ በዓላትም ያስተማሩት በዚሁ መንገድ ነው። ፋሲካ የጸደይ፣ በዓለ ሰዊት የስንዴ መከር፣ በዓለ መጸለት የፍሬ መሰብሰቢያ ወቅት በዓላት ናቸው። የአይሁድ እምነት ግን ከምድር ፍሬ በላይ እግዚአብሔር በታሪክ ውስጥ ከሠራው ሥራ ጋር አያያዛቸው፤ ፋሲካ ከግብፅ የመውጣት፣ በዓለ ሰዊት በሲና ሕግን የመቀበል፣ በዓለ መጸለትም በምድረ በዳ በዳስ የመኖር መታሰቢያ ሆኑ። በዓልን ማክበር ያለፈውን ማውሳት ብቻ ሳይሆን የአባቶች አምላክ ዛሬም ሕዝቡን ነጻ እንደሚያወጣ ማመን ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ጋር

ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 23ኛ በ1960 ቤተ ክርስቲያን ከአይሁድ ሕዝብ ጋር ስላላት ግንኙነት ለጉባኤው ጽሑፍ እንዲዘጋጅ ኃላፊነቱን ለብፁዕ ካርዲናል አጎስጢኖስ ቤአ ሰጡ። ካርዲናሉ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባልና የመጽሐፍ ቅዱስ ሊቅ ነበሩ። ሄሼል በ1961 ሮም ድረስ ሄደው አገኟቸው፤ በሁለቱ የብሉይ ኪዳን ወዳጆች መካከልም እውነተኛ መከባበር ተመሠረተ። ሄሼል ከጉባኤው የጠየቁት በተለይ አይሁድን ሁሉ በጌታ ሞት ተጠያቂ የሚያደርገው አነጋገር እንዲወገድና ሕዝቡ እንደ አይሁድ ሕዝብነቱ እንዲከበር ነው።

በ1964 የተዘጋጀው ረቂቅ አይሁድ ወደፊት ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲገቡ ተስፋ የሚያደርግ ቃል እንደያዘ በተሰማ ጊዜ ሄሼል እጅግ አዘኑ። ሃይማኖትን ከመለወጥና ከመሞት አንዱን ምረጥ ቢባሉ ወደ አውሽቪትስ የሞት ሰፈር ለመሄድ ዝግጁ መሆናቸውን በግልጽ ጻፉ። እናቱንና እህቶቹን በናዚዎች እጅ ካጣ ሰው የመጣ በመሆኑ ይህ ቃል ቀላል አልነበረም። ሴፕቴምበር 14 ቀን፣ ዮም ኪፑር የተባለው የማስተስረያ ቀን ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ወደ ሮም በረው ከር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ ጋር ተነጋገሩ። አይሁድ በጾምና በጸሎት በሚዘጋጁበት በዚያ ሰሞን መሄዳቸው ከራሳቸው ወገን ሳይቀር ነቀፋ አስከትሎባቸዋል።

በዚያው ወር መጨረሻ በጉባኤው በተደረገው ውይይት ብዙ አባቶች ረቂቁ እንዲሻሻል ጠየቁ። በመጨረሻም ኖስትራ ኤታቴ የተባለው ውሳኔ በ2,221 ድምፅ ድጋፍና በ88 ተቃውሞ ጸድቆ ኦክቶበር 28 ቀን 1965 ታወጀ። ውሳኔው በጌታ ሕማማት ጊዜ የተፈጸመው ነገር ያኔ በነበሩት አይሁድ ሁሉ ላይ ያለ ልዩነት፣ በዛሬዎቹም ላይ ሊቈጠር እንደማይገባ ያስተምራል፤ በማንኛውም ጊዜና በማንም በአይሁድ ላይ የተደረገውን ጥላቻና ስደት ያወግዛል። ሄሼልን ያሳዘነው ቃልም ቀርቶ፣ ሕዝቦች ሁሉ በአንድ ድምፅ ጌታን የሚጠሩበትን፣ እግዚአብሔር ብቻ የሚያውቀውን ቀን ቤተ ክርስቲያን እንደምትጠብቅ የሚገልጽ አሳብ ተተካ። ይህ የብዙ ሰዎች ድካም ፍሬ ቢሆንም የሄሼል ድርሻ ትንሽ አይደለም።

ጸሎትና ሥራ

ሄሼል የነቢያት መምህር በመሆናቸው በመጽሐፍ ብቻ አልተወሰኑም። በማርች 1965 ጥቁር አሜሪካውያን የመምረጥ መብታቸው እንዲከበር በአላባማ ክፍለ ግዛት ከሰልማ ከተማ በተነሣው ሰልፍ ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋር በፊተኛው ረድፍ ተጓዙ፤ ያንን ጉዞ እንደ ጸሎት እንደቈጠሩት ኋላ ተናግረዋል። በ1968 ኪንግ በቤታቸው የፋሲካን ራት አብረዋቸው እንዲበሉ ጋብዘው ነበር። ኪንግ ግን በዓሉ ሳይደርስ ኤፕሪል 4 ቀን ተገደሉ፤ ሄሼልም በፋሲካቸው ፈንታ በወዳጃቸው ቀብር ተገኙ።

ረቢ ሄሼል ዲሴምበር 23 ቀን 1972 በ65 ዓመታቸው በእንቅልፋቸው ላይ ሳሉ ዐረፉ። ዕለቱ ቅዳሜ፣ ዕድሜ ልካቸውን ያከበሩት ሰንበት ነበር። በተከታዩ ወር ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ ለምእመናን በሰጡት ሳምንታዊ ትምህርት፣ ሰው እግዚአብሔርን ከመፈለጉ በፊት እግዚአብሔር ሰውን እንደሚፈልግ ሲያስረዱ የሄሼልን ጽሑፍ ጠቀሱ።

ለእኛ የሚሆን ትምህርት

እኛ ክርስቲያኖች እሑድን የምናከብረው የጌታችን ትንሣኤ ቀን ስለሆነ ነው፤ በዚህ ከአይሁድ እንለያለን። ነገር ግን አንድ ቀን ለእግዚአብሔር የተለየ መሆኑን የተማርነው ከኦሪት ነው፤ ሰንበት የሚለውን ስም እንኳ ቀዳሚትንም እሑድንም ስንጠራ እንጠቀምበታለን። ታዲያ የእኛ እሑድ ምን ይመስላል? ከቅዳሴ እንደወጣን ገበያው፣ የዕድር ስብሰባው፣ ያላለቀው ሥራ ይጠራናል፤ ቅዳሴው ራሱ ቶሎ እንዲያልቅ የምንመኝበትም ጊዜ አለ። ዕድርም ሆነ ሥራ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከቤተሰባችን ጋር በጸጥታ የምንቀመጥበት፣ ሕመምተኛ የምንጠይቅበት፣ ቃለ እግዚአብሔርን የምናነብበት ሰዓት ከሌለ እግዚአብሔር ሊፈልገን ሲመጣ በዛፎች መካከል እንደተሸሸግን እንቀራለን።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ሌላ አደራ አለባቸው። ልጆች ስለ ጌታ ሕማማት ሲማሩ የአንድን ሕዝብ ጥላቻ ይዘው ወደ ቤታቸው መመለስ የለባቸውም። ጌታችን፣ እናቱ ቅድስት ድንግል ማርያምና ሐዋርያት ከዚህ ሕዝብ መወለዳቸውን፣ ሰንበትንና ፋሲካንም ማክበራቸውን ይወቁ። ክርስቶስ የሞተው ስለ ሰው ሁሉ ኃጢአት መሆኑን፣ የእኛም ኃጢአት በዚያ እንዳለበት ይማሩ። እንዲህ ያለው ትምህርት የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ነው፤ አንድ ታማኝ አይሁዳዊም በሐዘኑ መካከል እጁን ዘርግቶ ወደዚህ ትምህርት እንድንደርስ ረድቶናል።