የክቡር አቶ ይድነቃቸው ተሰማ አጭር የሕይወት ታሪክ

ስለ ታላላቅ ሰዎች ሲነገር ብዙ ጊዜ በአሳባችን የሚመጡት ጦር የመሩ ወይም አገር ያስተዳደሩ ሰዎች ናቸው። ኳስ በመጫወትና በማሠልጠን ወገኑን ያስከበረ ሰው ግን እምብዛም አይታወስም። ስለዚህ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ እኛ የስፖርት ክበብ ተማሪዎች የክቡር አቶ ይድነቃቸው ተሰማን ታሪክ ለመጻፍ መርጠናል። የመረጥንበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ የተወለዱት ከእኛ ከቦንጋ ብዙ ሳትርቅ በምትገኘው፣ በኋላም የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችው በጅማ መሆኑ ነው። ሁለተኛውን ምክንያት ግን አንባቢ ታሪኩን ሲጨርስ ያገኘዋል።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት በዘመን መለወጫ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ የታወቁ፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማም ወደ ጀርመን አገር ተልከው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ግን ስሙን ያስጠራው በእግሩ ነው። አቶ ይድነቃቸው በአዲስ አበባ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲማሩ ኳስ መጫወት ጀመሩ። በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ከጓደኞቻቸው ጋር የቅዱስ ጊዮርጊስን ቡድን ሲያቋቁሙም፣ ገና ልጅ ሳሉ ወደዚያው ገቡ። ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ሌላ መለያ ሳይለብሱ ለዚሁ ቡድን ተጫወቱ፤ ለኢትዮጵያ ቡድንም ተሰለፉ።

ቡድኑ በተቋቋመ በጥቂት ወራት ውስጥ የጣሊያን ፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ወራሪው አገሬውንና ነጩን በመኖሪያ ሰፈር፣ በሻይ ቤትና በሲኒማ ቤት እንደለየ ሁሉ በኳስ ሜዳም ለየው። ወጣቱ ይድነቃቸው ኳስ የተለማመዱት በዚህ ዓይነቱ ዘመን ነው። አንድ ሰው ስለ ቆዳው ቀለም ብቻ ከሜዳ ሲከለከል በዓይናቸው አይተዋልና፣ ይህን ነገር ዕድሜ ልካቸውን አልረሱትም።

በ1933 ዓ.ም. አገራችን ነፃነቷን ስታገኝ አቶ ይድነቃቸው መጫወት ብቻ አልበቃቸውም። የስፖርት ጽሕፈት ቤትን ሥራ ከጀመሩት አንዱ ሆኑ፤ የእግር ኳስን ደንብም ወደ አማርኛ መለሱ። ደንቡን የማያውቅ ተጫዋች ከዳኛ ጋር መጣላቱ አይቀርምና፣ ይህ ሥራ ከብዙ ግብ የሚበልጥ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ጨዋታ ስትካፈልም ከደከሙት ሰዎች መካከል ነበሩ።

በዚያው በ1949 ዓ.ም. የካቲት ወር የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ተመሠረተ። መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ሲሆኑ፣ ከኢትዮጵያ በኩል ዋናው ሰው አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሊጀመር ሲል ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጮች ብቻ ወይ ጥቁሮች ብቻ ያሉበት ቡድን እንጂ የተደባለቀ ቡድን እንደማትልክ አስታወቀች። ሦስቱ አገሮች ይህን ስላልተቀበሉ ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች። ተጋጣሚዋ የነበረችው ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። እንግዲህ እውነትን መያዝ ብቻውን ግብ እንደማያስቆጥር ከዚህ እንረዳለን። እውነትን የያዘ ሰው ልምምድም ማድረግ አለበት።

ልምምዱም ፍሬ ያፈራው በ1954 ዓ.ም. ነው። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲደረግ አቶ ይድነቃቸው የኢትዮጵያ ቡድን አሠልጣኝ ነበሩ። ቡድናቸው በመጀመሪያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈ። ጥር 13 ቀንም ያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን ለፍጻሜ ገጠመ። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፤ የእኛዎቹም ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ፤ መጀመሪያ ግርማ ተክሌ፣ ቀጥሎም ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው የቡድኑ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ናቸው። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ግብ ጨምረው ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ዋንጫውንም ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአምበሉ ሰጡ። ሉቻኖና ኢታሎ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ ወንድማማቾች ነበሩ። ፋሺስቶች ነጩንና ጥቁሩን በለዩበት አገር፣ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ የሁለቱ ልጆች ከሌሎቹ ወንድሞቻቸው ጋር ሆነው ዋንጫ አነሡ።

አቶ ይድነቃቸው የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል፣ በ1964 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በፕሬዚዳንትነቱም እስከ ዕለተ ሞታቸው ቆዩ። ቀድሞ አፍሪካ በዓለም ዋንጫ የራሷ የሆነ ቦታ አልነበራትም። እርሳቸውና ባልንጀሮቻቸው በ1958 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የተደረገው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በአፍሪካውያን እንዲተው አደረጉ፤ በዚህም ምክንያት ከ1962 ዓ.ም. የሜክሲኮ ውድድር ጀምሮ አንድ ቦታ ተሰጠ። በ1974 ዓ.ም. ቦታው ሁለት ሆነ። የዘር ልዩነትን በሚመለከት ግን ምንም ዓይነት ድርድር አልተቀበሉም። በየስብሰባው ሳይታክቱ ስለ ተከራከሩ፣ በሐምሌ ወር 1968 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ከዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ተባረረች። የመጠጥና የሲጋራ ማስታወቂያ በአፍሪካ የኳስ ሜዳ ላይ እንዲወጣም አይፈቅዱም ነበር፤ ገንዘብ የሚያመጣ ነገር ሁሉ ወጣትን ይጠቅማል ብለው አላመኑምና።

አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በስልሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። የደከሙበትን ፍጻሜ በዓይናቸው አላዩትም። በ1984 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ወደ ውድድር ተመለሰች፤ በ1988 ዓ.ም. ጥር ወርም በገዛ አገሯ ጥቁርና ነጭ ተጫዋቾች በአንድነት በተሰለፉበት ቡድን የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም የተጠየቀው ይኸው ብቻ ነበር።

አሁን ሁለተኛውን ምክንያታችንን እንናገራለን። እኛ በቦንጋ ጭቃማ ሜዳ ላይ ከሰዓት በኋላ ኳስ ስንጫወት፣ ቡድን ሲመረጥ ዳር ቆሞ የሚቀር ልጅ አንዳንድ ጊዜ አለ። የሚቀረውም ኳስ ስለማይችል ሳይሆን የማን ልጅ መሆኑ ስለሚታወቅ ነው። በአገራችን በከፋ አንዱ ከሌላው ጋር ማዕድ የማይቆርስበት አሮጌ ልማድ እንደ ነበረና ርዝራዡም እንዳልጠፋ ወላጆቻችን ያውቃሉ። ስለ ደቡብ አፍሪካ ስናነብ መቈጣት ቀላል ነው። በራሳችን ሜዳ ዳር የቆመውን ልጅ ግባ ማለት ግን ከዚያ ይከብዳል። እኛ የስፖርት ክበብ አባሎች ይህን ታሪክ ስንጽፍ በዚህ ነገር አፍረናል፤ ከእንግዲህም በምንመርጠው ቡድን ችሎታ እንጂ ትውልድ እንዳይጠየቅ ተስማምተናል። መምህሮቻችንና ወላጆቻችንም ይህን ቃላችንን እንዲጠብቁልን እንለምናለን።