እቴጌ መነን በጥቅምት 1909 ዓ.ም.

የእቴጌ መነን አስፋው ስም ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው በ1924 ዓ.ም. በሰሜን አዲስ አበባ ያቋቋሙትን የሴቶች ትምህርት ቤት ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ግን ከዚያ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ዘውድ ከመድፋታቸው በፊት ያሳለፉትን አንድ ወር ይመለከታል።

መነን የወሎው ንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ናቸው፤ እናታቸው ወይዘሮ ስሂን ሚካኤል ይባላሉ። ልጅ ኢያሱ አጎታቸው ነበሩ። ቀድሞ የራስ ልዑል ሰገድ ባለቤት ሳሉ፣ በ1903 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ትዳሩን አፍርሰው ለደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ዳሯቸው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሽረው ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪም ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሲሆኑ፣ ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን ዙፋን ለማስመለስ ወደ ሸዋ ዘመቱ። አያት በልጅ ልጃቸው ባል ላይ ተነሡ ማለት ነው። ከዘማቹ ፊት ቀድመው የተሰለፉት ደግሞ እኒያው ራስ ልዑል ሰገድ ነበሩ፤ ቶራ መስክ ላይ ከብዙ ሠራዊታቸው ጋር ወደቁ።

አዲስ አበባ ጠላት ዛሬ ይገባል ነገ ይገባል እያለች ስትሰጋ፣ የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ወዳጅ መስለው ወደ ንጉሥ ሚካኤል በሚልኩት መልእክት እያዘናጉ ሠራዊቱ እስኪሰበሰብ ድረስ ቀን ይገፉ ነበር። ራስ ተፈሪ የሦስት ወር ሕፃኑን አስፋ ወሰንን በከተማዪቱ ምሥራቅ በሚገኘው በእንግሊዝ ሌጋሲዮን በአደራ አስቀመጡ። አባት ለልጁ ደኅንነት እንዳሰበ ግልጽ ነው። እናቲቱን ግን ሳስብ፣ ከሁለቱ ጦር የትኛው ቢያሸንፍ የእርሳቸው ቤት ከለቅሶ እንደማይድን ይታየኛል።

የሌጋሲዮኑ ሹም ዊልፍሬድ ጊልበርት ቴሲጀር የዚያን ጊዜ ሁኔታ ለቤተሰባቸው በደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ስማቸውን የወረሰውና በኋላ የታወቀ አገር አሳሽ የሆነው ልጃቸው፣ በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ በእነዚህ ደብዳቤዎች ተጠቅሟል። ስለ ገዛ ቤታችን ጦርነት አንዱን ምስክርነት ያገኘነው እንግዳ ሰው ለዘመዶቹ ከላከው ወረቀት መሆኑ ያስገርማል።

ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ የሸዋ ጦር ድል አደረገ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ከጉለሌ በስተ ምሥራቅ ባለው ጃን ሜዳ ላይ በተደረገው የድል ሰልፍ፣ የመነን አያት በሰንሰለት ታስረው በሕዝብ ፊት አለፉ። በ1910 ዓ.ም. መጨረሻ በእስር እንዳሉ ዐረፉ።

የቴሲጀር ልጅ ያን ሰልፍ በስድስት ዓመቱ ከወላጆቹ ጋር ቆሞ ተመልክቷል። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ደግሞ ለአባቱ ውለታ ሲባል ለንግሥ በዓል ተጠርቶ አዲስ አበባ ተመለሰ። በዚያን ዕለት መነን እቴጌ ተብለው ዘውድ ደፉ።