ሲ ድራይቭን ያወረሰን ሰው፦ ጋሪ ኪልዳልና የድሮ ኮድ ቅጂዎቹ

ላፕቶፕ የነካ ሁሉ ሲ ድራይቭን ያውቃል። ኤ እና ቢ የት ሄዱ ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ሁለቱ የፍሎፒ ዲስክ ማስገቢያዎች ነበሩ። ሃርድ ዲስክ በኋላ ሲመጣ ሦስተኛውን ፊደል ያዘ፤ ፍሎፒው ሞተ፣ ፊደሉ ቀረ። ይህን አጠራር በትንንሽ ኮምፒውተሮች ላይ ያስለመደው ሰው ጋሪ ኪልዳል ይባላል። ከሞተ 30 ዓመት አልፎታል። ዛሬ ስለሱ እናውጋ፤ በዚያውም ኮድ የሚጽፍ ሰው የትናንቱን ቅጂ ማስቀመጡ ምን ያህል እንደሚያወጣ እናያለን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ኪልዳል በ1942 ሲያትል ተወለደ። ቤተሰቡ የመርከብ አቅጣጫ አመራር የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነበረው። እሱ ግን ኮምፒውተር ላይ ተለከፈ፤ ተማረ፣ ከዚያም ካሊፎርኒያ ሞንተሬይ በሚገኘው የባሕር ኃይል ኮሌጅ አስተማሪ ሆነ። ኢንቴል 4004 የምትባለውን ቺፕ ሲያወጣ አንዷን በ25 ዶላር ገዝቶ መነካካት ጀመረ። ብዙ ሳይቆይ ለኢንቴል ራሱ በአማካሪነት ይሠራ ነበር። በ1973 ፒኤል/ኤም የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ሠራ፤ በ1974 ደግሞ ሲፒ/ኤምን። ሲፒ/ኤም ፍሎፒ ዲስክ ላይ ፋይል የሚያስቀምጥ፣ የሚከፍት፣ የሚያጠፋ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። ኢንቴል አልፈልገውም አለ። እሱም ከሚስቱ ከዶሮቲ ጋር ድርጅት ከፍቶ በ70 ዶላር መሸጥ ጀመረ። የድርጅቱ የመጀመሪያ ስም ኢንተርጋላክቲክ ዲጂታል ሪሰርች ነበር፤ ስም ማውጣት እንደ እነሱ ነው!

ትልቁ ሥራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የተለያዩ ኩባንያዎች የተለያየ ማሽን ሲያመጡበት፣ ከማሽኑ ጋር የሚነጋገረውን ክፍል ለብቻው ቆርጦ ባዮስ አለው። ማሽን ሲቀየር ባዮሱን ብቻ ማስተካከል ነው፣ ሌላው እንዳለ ይቀጥላል። ዛሬ ቴክኖም ሳምሰንግም ላይ አንድ አንድሮይድ የሚሠራው በዚሁ ዓይነት አስተሳሰብ ነው።

አሁን ወደ ቅጂው ጉዳይ። ሲፒ/ኤም ኢዲ ከሚባል የጽሑፍ ማረሚያ ጋር ነበር የሚመጣው። ለአጠቃቀም የሚያናድድ ነገር ነው፤ ግን አንድ ደግ ጠባይ ነበረው። ፋይል አርማችሁ ስትጨርሱ የድሮውን አያጠፋውም፤ መጨረሻው ላይ ባክ የሚል ቅጥያ ሰጥቶ ያስቀምጥላችኋል። ተሳሳትኩ ብትሉ ትመለሱበታላችሁ። ሐሳቡ ከዚያ በፊት ከነበሩት ትልልቅ ማሽኖች ልማድ የመጣ ነው፤ በየሰው ቤት ያስገባው ግን ሲፒ/ኤም ነው። ችግሩ አንድ እርምጃ ብቻ ወደኋላ መሆኑ። ሁለቴ ካረማችሁ የመጀመሪያው የለም።

ሌላ ጣጣም ነበር። የዘመኑ ሲፒ/ኤም ፋይል መቼ እንደተጻፈ አይመዘግብም፤ ቀን የሚባል ነገር የለም። የፋይል ስም ደግሞ ከ8 ፊደል አይበልጥም፣ ቅጥያው 3። ዲስኩ የሚይዘው ሩብ ሜጋባይት ገደማ ነው። እና ሁለት ዲስክ ላይ አንድ ዓይነት ስም ያለው ፋይል ብታገኙ የትኛው አዲሱ ነው? ከፍቶ ማንበብ ብቻ ነው። ጎንደር ያለ ተማሪ ፍላሽ ላይ ፋይናል፣ ፋይናል 2፣ የመጨረሻው ፋይናል እያለ ሲያስቀምጥ የሚገባበት ጣጣ ያኔ ያለ ቀን ነበር።

ለትልልቅ ማሽኖች መፍትሔ ነበረ፤ ቤል ላብስ ውስጥ ማርክ ሮችካይንድ በ1972 የኮድ ቅጂዎችን የሚመዘግብ ኤስሲሲኤስ የተባለ ፕሮግራም ጽፎ ነበር። በትርፍ ጊዜው ቤቱ ኮድ የሚጽፍ ሰው ግን ያንን ከየት ያመጣዋል? ስለዚህ የራሱን ዘዴ አበጀ። ዋርድ ክሪስተንሰን የተባለ የቺካጎ ሰው በ1977 በስልክ መስመር ፋይል የሚያስተላልፍ ሞደም የተሰኘ ፕሮግራም ለሲፒ/ኤም ጽፎ በነፃ ለቀቀው። ፕሮግራሙ በተጠቃሚዎች ክበብ በኩል በዲስክ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ፤ ያገኘው ሁሉ ለራሱ ማሽን አስተካከለው። አዲስ ቅጂ የሠራ ሰው ስሙ ላይ ቁጥር ይጨምራል፤ ሞደም 7 እያሉ። ኮዱ አናት ላይ ደግሞ ቀኑን፣ ማን እንደነካውና ምን እንደቀየረ ይጽፋል። ዛሬ በጊትሃብ የምታዩት የለውጥ ዝርዝር ያኔ በእጅ ይጻፍ ነበር ማለት ነው። ጊት ራሱ የተወለደው በ2005 ነው።

የኪልዳል ስም የደበዘዘው በ1980 ነው። አይቢኤም ለአዲሱ ፒሲ ሲፒ/ኤምን ፈልጎ መጣ። እሱ ያን ቀን በአውሮፕላን ሊዝናና ሄዶ ዕድሉ አመለጠው የሚለው ወሬ እስካሁን ይነገራል። የሄደው ግን ለሥራ ነበር፣ ደንበኛ ጋር። ለማንኛውም ንግግሩ አልሰመረም። ማይክሮሶፍት ግን ቲም ፓተርሰን የተባለ ወጣት የጻፈውን ሲስተም ገዝቶ ዶስ አለው። ፓተርሰን የሲፒ/ኤምን መመሪያ መጽሐፍ ይዞ፣ ፕሮግራሞች ሲስተሙን የሚጠሩበትን መንገድ ሆን ብሎ አመሳስሎት ነበር። ኪልዳል ተናደደ፤ ተገልብጫለሁ ብሎ አመነ። አይቢኤም ሁለቱንም እሸጣለሁ አለ፤ ዋጋው ግን ዶስ 40 ዶላር፣ ሲፒ/ኤም 240 ዶላር። ከዚህ በኋላ ምን እንደሆነ መገመት አያቅትም። የእኛ ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ የገባውም በዶስ ዘመን ነው፤ አንዱ ሠሪ ያወጣው ፊደል በሌላው እንዳይነበብ ሆኖ፣ በ1999 ዩኒኮድ እስኪያስታርቃቸው ድረስ።

ተገልብጧል አልተገለበጠም? ይህ ክርክር በወሬ ብቻ 30 ዓመት ሄደ። በ2012 ቦብ ዜይድማን የተባለ የሶፍትዌር መርማሪ የድሮዎቹን ኮዶች ጎን ለጎን አድርጎ አመሳከረ፤ የተቀዳ ኮድ አላገኘም። እንዲህ ማመሳከር የተቻለው የድሮው ቅጂ ተቀምጦ በመቆየቱ ነው። የጥሪዎቹ መመሳሰል ስርቆት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ግን የሕግ እንጂ የኮድ ጥያቄ አይደለም። በኔ እይታ ኪልዳልን የጎዳው የኮድ ስርቆት ሳይሆን ያቺ የ200 ዶላር ልዩነት ናት።

እሱ ይህን ውጤት አላየውም። በ1991 ድርጅቱን ለኖቬል ሸጠ። በቴሌቪዥን የኮምፒውተር ፕሮግራም ለዓመታት አቀረበ፣ በሲዲ ኢንሳይክሎፔዲያ ከሠሩት ቀዳሚዎች አንዱ ሆነ፣ የሕይወት ታሪኩንም ጽፎ ለጥቂት ሰዎች አሳየ። ሐምሌ 1994 ሞንተሬይ ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት ጭንቅላቱን ተጎድቶ በቀናት ውስጥ አረፈ፤ 52 ዓመቱ ነበር። የጻፈው ታሪክ የመጀመሪያ ክፍል በ2016 በልጆቹ ፈቃድ ወጣ።

ካሊፎርኒያ ያለው የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም ደግሞ በ2014 የሲፒ/ኤምን የመጀመሪያ ቅጂዎች ኮድ፣ 1.1፣ 1.3፣ 1.4 እና 2.0 እያለ በቅደም ተከተል ለሕዝብ ለቋል። አይከል ተቀምጣችሁ በስልክ ማውረድ ትችላላችሁ፤ ዳታም አይበላም።