የተጨፈለቀው ደም መልስና ዊሊያም ሀንተር

ከጭንቅላት፣ ከአንገትና ከክንድ የሚመለሰው ደም ወደ ልብ የሚገባው በአንድ ትልቅ ደም መልስ ነው። ይህ መንገድ ደረት ውስጥ ሲጨፈለቅ ሰው ምን እንደሚሆን በመጻፍ በሕክምና ታሪክ ስሙ ቀድሞ የሚጠራው ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ሀንተር ነው።

ሀንተር እ.ኤ.አ. በ1718 ግላስጎው አጠገብ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ቤተሰቡ የሃይማኖት ሰው እንዲሆን ፈልጎ ገና በ13 ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ አስገባው። የልጁ ልብ ግን ወደ ሕክምና አደላ። ለንደን ሄዶ በ1746 የሰውነት አካል ትምህርት መስጠት ጀመረ። ተማሪው ከፍሎ ይማራል፤ አስከሬን ከፍቶም በዓይኑ ያያል። የዚያ ዘመን አስከሬን ግን አብዛኛው ከመቃብር የተሰረቀ የድሃ ሰው አካል ነበር። ይህም የታሪኩ አካል ነው።

ገንዘቡ መጣለት። የንግሥት ሻርሎት የማዋለጃ ሐኪም እስከመሆን ደረሰ። ትዳር አልያዘም፤ ሀብቱን መጻሕፍት፣ የጥንት ሳንቲምና የሰውነት ክፍል ናሙና ላይ አዋለው። ኢኮኖሚክስ ለተማረ ሰው ይሄ ወጪ ሳይሆን ኢንቨስትመንት ነው።

በ1757 የአንድ ታማሚ ነገር ጻፈ። ቂጥኝ የጎዳው ትልቁ ደም ቅዳ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ጎረቤቱን ደም መልስ ተጭኖታል። ያኔ መድኃኒት የለም፣ ራጅም የለም። ያየውን መጻፍ ግን ይቻል ነበር።

ሀንተር በ1783 ሞተ። ስብስቡን ለግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተናዘዘ፤ ሙዚየሙም በ1807 ተከፈተ፤ ዛሬም አለ።

ዛሬ መንገዱን የሚዘጋው በብዛት የሳንባ ካንሰር ወይም ሊምፎማ ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ ቲሞማ የሚባል፣ ከደረት አጥንት ጀርባ የሚበቅል ብዙም የማያጋጥም ዕጢ አለ። ልዩነቱ አሁን ሲቲ ስካን፣ ኬሞ፣ ጨረርና ቀዶ ሕክምና መኖሩ ነው።

ታዲያ እዚህ ሁርሶ፣ በዚህ ሙቀት፣ ፊት ሲያብጥ ፀሐይ ነው ወይ አለርጂ ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ግን ጠዋት ስትነሱ ፊታችሁ አብጦ፣ የሸሚዝ ኮሌታ ጠቦ፣ የአንገትና የደረት ደም ሥር ተገትሮ፣ ጎንበስ ስትሉ ራሳችሁ ከከበደ፣ ድሬዳዋ ወርዳችሁ ድል ጮራ ሆስፒታል ታዩ። ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ነገ አይባልም።