እርሻ የጠላው የገበሬ ልጅ

በበቆሎ ሰሞን ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም የሄደ ያውቀዋል። ከገጠር የመጣ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ጆንያ እስከ አናቱ የጫነ አይሱዙ፣ ሁሉም አንድ አስፋልት ላይ ይጋፋል። ጋሪ የሚነዳው ልጅ ዓይኑ ፈረሱ ላይ አይደለም፤ አይሱዙው ላይ ነው። ዛሬ የምናወራላችሁ ሰውም ድሮ እንደዚህ ልጅ ነበር። ሄንሪ ፎርድ ይባላል። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር አንብቡልን።)

ፎርድ በ1863 አሜሪካ ውስጥ፣ ዲትሮይት ከተማ አጠገብ ባለች ገጠር ተወለደ። አባቱ ከአየርላንድ የተሰደደ ገበሬ ነው። ልጁ ግን የእርሻ ሥራ አይሆንለትም፤ የጎረቤት ሰዓት እየፈታ መጠገን ነው የሚወደው። 12 ዓመቱ ላይ እናቱ ሞተች። በዚያው ዓመት ከአባቱ ጋር በጋሪ ሲሄዱ አንድ በእንፋሎት የሚሠራ ማሽን ያለ ፈረስ፣ በራሱ ጉልበት መንገድ ላይ ሲመጣ አየ። ከጋሪው ዘሎ ወርዶ ሹፌሩን በጥያቄ አጣደፈው። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ልቡ እርሻ ላይ አልተመለሰም።

16 ዓመቱ ላይ ዲትሮይት ገብቶ የማሽን ሥራ ጀመረ። በኋላ አባቱ መሬት ሰጥቶ ሊያስቀረው ሞክሮ ነበር። ፎርድ መሬቱ ላይ ያለውን ዛፍ እየቆረጠ ሸጠና፣ ሚስቱን ክላራን ይዞ ተመልሶ ከተማ ገባ። ቀን የመብራት ኩባንያ ሠራተኛ ነው፤ ማታ ከቤቱ ጀርባ ባለች ጎጆ ውስጥ መኪና ይሠራል። በ1896 ሠርቶ ጨረሰ። ሊያወጣት ሲል በሩ ጠበበ! ምን አደረገ መሰላችሁ? መጥረቢያ አንስቶ ግድግዳውን አፈረሰው።

ከዚያ የገባባቸው ሁለት ኩባንያዎች አልሆኑለትም። ሦስተኛው፣ በ1903 የተቋቋመው፣ እስከ ዛሬ ስሙን ይዞ ያለው ነው።

ያኔ መኪና የሀብታም መጫወቻ ነበር። እኛም ጋ በ1900 ዓ.ም. (ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው) ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ በረሃ አቋርጦ መኪና አዲስ አበባ ሲያስገባ፣ አጼ ምኒልክ ተሳፈሩባት። ፎርድ በ1908 ያወጣት ሞዴል ቲ ግን ለንጉሥ አልታሰበችም። ከመሬት ከፍ ያለች ናት፣ ጭቃ አትፈራም፣ ስትበላሽ ገበሬው ራሱ ይጠግናታል። እንዲያውም የኋላ ጎማዋን በክሪክ አንስተው እህል የሚፈጩባት፣ እንጨት የሚሰነጥቁባት ነበሩ።

ችግሩ ዋጋዋ ነበር፤ 850 ዶላር። ፎርድ በ1913 ሠራተኛው ወደ መኪናው መሄዱን አስቀርቶ፣ መኪናው በሰንሰለት እየተጎተተ ወደ ሠራተኛው እንዲመጣ አደረገ። አንዱ ብሎን ያስገባል፣ ሌላው ያጠብቃል። ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው ገጠማ ወደ 93 ደቂቃ ወረደ። የያዛችሁት ስልክም የተገጣጠመው በዚሁ ዘዴ ነው።

ግን ቀኑን ሙሉ አንድ ብሎን ማጥበቅ ያሳብዳል። ሠራተኛው እየጣለ ሄደ፤ 14 ሺህ ሰው ሥራ ላይ ለማቆየት በዓመት ከ50 ሺህ በላይ መቅጠር ነበረባቸው። በ1914 ፎርድ የቀን ክፍያውን ከእጥፍ በላይ አሳድጎ 5 ዶላር አደረገው፣ ሥራውንም 8 ሰዓት። ደግነት ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን ሂሳብ ይመስለናል። ክፍያውን ለማግኘት ደግሞ ማን እንደሚጠጣ፣ ቤቱን ማን በንጽህና እንደሚይዝ የሚያጣሩ ሰዎች ቤት ለቤት ይልክ ነበር። ያም ሆኖ በ1925 የመኪናዋ ዋጋ ወደ 260 ዶላር ወረደ፤ በ5 ዶላር ብታስሉት የ52 ቀን ደሞዝ ማለት ነው። እኛ ጋ አንድ ባጃጅ የስንት ቀን ደሞዝ እንደሚፈጅ እናንተው አስሉት።

እስከ 1927 ድረስ 15 ሚሊዮን ሞዴል ቲ ተሠራ። ሀብቱ ሲገዝፍ ግን ሰውየው ከፋ። ጋዜጣ ገዝቶ ዓመታት ሙሉ በአይሁዶች ላይ ጥላቻ ሲረጭ ኖረ። በ1927 ተከሶ ይቅርታ ቢጠይቅም፣ በ1938 ከናዚ ጀርመን ሜዳሊያ ተቀበለ። በ1932 ሥራ ያጡ ሰዎች ወደ ፋብሪካው ሰልፍ ሲወጡ ተተኮሰባቸው፤ ሰው ሞተ። በ1937 ደግሞ ጥበቃዎቹ የሠራተኛ ማኅበር አደራጆችን ደበደቡ። ማኅበሩን የተቀበለው በ1941 ነው፣ ያውም ሥራ ማቆም አድማ ተመትቶበት። እነዚህን ትቶ ፎርድን የሚያወራ ግማሹን ብቻ ነው ያወራው።

የሚገርመው ሌላ ነገር ነው። መንደሩን ጥሎ የሄደው፣ በሚሊዮን የሚቆጠር የገበሬ ልጅም መንደሩን እንዲጥል መንገድ የከፈተው ሰው፣ ሲያረጅ መንደር ናፈቀው። የድሮ ቤት፣ የድሮ ወፍጮ፣ የድሮ ትምህርት ቤት ከያለበት እያስነቀለ አንድ ቦታ አስተከለ፤ ዛሬም ሰው ከፍሎ የሚጎበኘው ሙዚየም ነው። በ1944 የተወለደበትን ቤት ሳይቀር እዚያ አዛወረው። ከአንድ ዓመት በፊት አንድያ ልጁ ኤድሰል ሞቶበት ነበር።

ሚያዝያ 7 ቀን 1947፣ በ83 ዓመቱ፣ ከቤቱ አጠገብ ያለው ወንዝ ሞልቶ መብራት አጠፋ። በወጣትነቱ የመብራት ኩባንያ ሠራተኛ የነበረው ፎርድ ያን ምሽት እንደ አባቱ ቤት ዘመን በሻማና በኩራዝ አምሽቶ ተኛ። እኩለ ሌሊት ሳይሆን፣ ክላራ አጠገቡ እያለች፣ አረፈ።